ምስል የሌለው ሁሉ ጎዶሎ አይደለም፦ ስለ ሬዲዮ የወንጀል ድራማዎች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ የድሮ የሬዲዮ ድራማዎች የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። የሚያወራው ከ1930 ገደማ ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል በየቤቱ ይደመጡ ስለነበሩት የመርማሪና የወንጀል ታሪኮች ነው። (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በአማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጽፍ ሰው ብዙ ስለሌለ ርዕሱን ሳይ ደስ አለኝ። አንብቤ ስጨርስ ግን ተናደድኩ።

የጸሐፊው ክስ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ድራማዎቹ ቴሌቪዥን እስኪመጣ ድረስ የተቀመጡ ጎዶሎ ምትኮች ነበሩ። ሲጋራና የፀጉር ቅባት ለመሸጥ የተሠሩ ናቸው። ፖሊስን ከማሞገስ ሌላ የሚሉት የላቸውም። በግማሽ ሰዓት ስለሚያልቁ ታሪካቸው ጥልቀት የለውም። ሴት የምትገባባቸው ለመጮህና ለመሞት ነው። የሞቱትም አድማጭ ስለሰለቻቸው ነው።

እኔ እነዚህን ድራማዎች ለዓመታት ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከክሶቹ ውስጥ እውነት ያለባቸው አሉ፤ እነሱን አልክድም። ዋናው ግን ስህተት ነው፤ የቀሩትም ስህተቶች ከሱ የመጡ ይመስለኛል። ስለዚህ ብዙ የምቆየው እዚያ ላይ ነው።

ጸሐፊው የሬዲዮ ድራማን የሚያዩት ምስሉ የጠፋበት ቴሌቪዥን አድርገው ነው። በሳቸው አነጋገር ታዳሚው ማየት ስላልቻለ የጎደለውን በግምት ይሞላ ነበር። እሳቸው የጠቀሱትን «ዘ ሻዶው» የተባለውን ድራማ እንውሰድ። በ1930 ስትሪት ኤንድ ስሚዝ የተባለ አሳታሚ የመርማሪ ታሪክ መጽሔቱን ለማስተዋወቅ ብሎ በሲቢኤስ ሬዲዮ ታሪኮች ማቅረብ ጀመረ። ተራኪው ሻዶው የሚባል፣ ድምፁ የሚያስፈራ፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ነበር። አድማጩ ከታሪኩ ይልቅ ተራኪውን ወደደው። መጽሔት ሻጮች ዘንድ እየሄደ የሻዶውን መጽሔት ስጡኝ ይል ጀመር። እንዲህ የሚባል መጽሔት ግን አልነበረም። አሳታሚው በ1931 ዋልተር ጊብሰን የተባለ ጸሐፊ ቀጥሮ መጽሔቱን ፈጠረው። እንግዲህ ይህ ሰው የተወለደው ከድምፅ ነው። ሥዕሉም ልብ ወለዱም በኋላ የመጡ ናቸው።

በ1937 ሻዶው ሚዩቹዋል በተባለው ኔትወርክ ራሱን የቻለ ድራማ ሆነ። ዋናውን ሚና የያዘው ያኔ ገና 22 ዓመቱ የነበረው ኦርሰን ዌልስ ነው። እዚህ ላይ አዘጋጆቹ አንድ ትልቅ ለውጥ አደረጉ። የመጽሔቱ ሻዶው ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ነው። የሬዲዮው ሻዶው ደግሞ የሰዎችን አእምሮ ጋርዶ ከዓይን ይሰወራል። ወንጀለኛው ብቻዬን ነኝ ብሎ ያስባል። ድንገት ሳቅ ይሰማል። ድምፁ እዚያው ክፍል ውስጥ አለ፤ ሰውየው ግን የለም። እኛም ልክ እንደ ወንጀለኛው ከድምፁ በቀር ምንም አናገኝም። እስቲ ይህን በቴሌቪዥን ሥሩት። ባዶ ክፍል ውስጥ ግራና ቀኝ የሚገላመጥ ተዋናይ ነው የምታሳዩን። የማይታየው ጀግና በሬዲዮ የተመቸው ሬዲዮ ራሱ የማይታይ ስለሆነ ነው።

በነገራችን ላይ ጸሐፊው በሰው ልብ ውስጥ ስላለው ክፋት የሚጠይቀውን ዝነኛውን መክፈቻ የተናገረው ዌልስ ነው ብለዋል። አይደለም። መክፈቻውን የሚናገረው በዌልስ ጊዜም ቢሆን ፍራንክ ሪዲክ ነበር። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ስማቸው በትልልቆቹ ስም ሥር የተቀበረ ባለሙያዎች ድርሻቸው ሲወሰድ ዝም ማለት አልወድም።

ሁለተኛው ማስረጃዬ «ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር» ነው። ግንቦት 25 ቀን 1943 በ«ሰስፔንስ» ተከታታይ ላይ የተላለፈ የግማሽ ሰዓት ድራማ ነው። ታማ አልጋ ላይ የዋለች አንዲት ሴት ስልክ ትደውላለች። መስመር ይጠላለፍና ሁለት ወንዶች ሲያወሩ ትሰማለች። የሚያወሩት በዚያው ምሽት ስለሚፈጽሙት ግድያ ነው። ከዚያ በኋላ ያላት መሣሪያ ያው ስልኩ ብቻ ነው። ኦፕሬተሯን ትለምናለች። ፖሊስ ጋ ትደውላለች። ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

አሁን አስቡት። ሴትዮዋ የምታውቀው በስልክ የሰማችውን ብቻ ነው። እኛም የምናውቀው እሷ የሰማችውን ብቻ ነው። ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚህ እኩልነት ነው። ሴትዮዋን የምትሠራው አግነስ ሙርሄድ ታሪኩን ብቻዋን ተሸክማው ትሄዳለች። ስትጀምር ሰው የምታዝ፣ የምታማርር፣ እንዲያውም የምታናድድ ሴት ናት። እየቆየ ድምፅዋ ውስጥ አንድ ነገር መሰንጠቅ ይጀምራል። በ1948 ሆሊውድ ታሪኩን ባርባራ ስታንዊክን ይዞ ፊልም ሠራው። ፊልሙ ጥሩ ነው። ግን አንድ ሰዓት ተኩል ለመሙላት ወደ ኋላ እየተመለሰ የትዳሯንና የባሏን ታሪክ መጨመር ነበረበት። ከአልጋውና ከስልኩ በወጣ ቁጥር ጭንቀቱ ይላላል። ምስል ሲጨመርለት የተሻለ ሳይሆን የሳሳ ሥራ ማየት ለፈለገ ሁለቱን በአንድ ምሽት ያነጻጽር። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰማ አንባቢ ደግሞ ድምፅ ብቻውን ምን መሥራት እንደሚችል ከእኔ መማር አያስፈልገውም።

ሥራው ራሱ እንዴት ይሠራ እንደነበርም ጽሑፉ አንድ መስመር አልሰጠውም። ትልልቆቹ ኔትወርኮች ለረጅም ዘመን የተቀረፀ ድራማ አያስተላልፉም ነበር። ሁሉም ነገር ቀጥታ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ምሽት ላይ የተሠራው ድራማ ለምዕራቡ ጠረፍ ሰዓት እንዲመች ከሦስት ሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ እንደገና ከመጀመሪያው ይሠራ ነበር። የተሳሳተ ይታለፋል፤ ማረሚያ የለም። «ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተላለፍ መጨረሻው ላይ አንድ ተዋናይ ተራውን ስቶ ነበር። ብዙ አድማጭ ፍጻሜው ግራ ገባው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ተደገመ፤ ከዚያም በተከታታዩ ላይ በተለያዩ ዓመታት በድምሩ ስምንት ጊዜ ቀርቧል።

ከተዋንያኑ ጎን የድምፅ ባለሙያዎቹ ይቆማሉ። ስቱዲዮ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ እውነተኛ በር አላቸው። በጠጠር የተሞላ ሳጥን ላይ ይራመዳሉ። ሴሎፎን ሲጨማደድ እሳት ይሆናል፤ ትልቅ ቆርቆሮ ሲናጥ ነጎድጓድ ይሆናል። በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ከፈለጉ የበቆሎ ዱቄት ይረግጣሉ። ጃክ ዌብ ደግሞ «ድራግኔት» በተባለው የፖሊስ ድራማው ይህን ሥራ ሌላ ደረጃ ላይ አደረሰው። መርማሪው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲሄድ የእርምጃው ብዛት በሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሕንፃ ውስጥ ካለው እውነተኛ ርቀት ጋር እንዲገጥም ይፈልግ ነበር። አድማጩ እርምጃ እንደማይቆጥር ያውቃል። ግን ሐሰት ሲሆን ጆሮው እንደሚያውቅበትም ያውቃል። እንዲህ የሚጨነቅን ሰው ምትክ ሠሪ ብሎ መጥራት ግፍ ነው።

ወደ ስፖንሰሮቹ ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከሞላ ጎደል ልክ ናቸው። ሻዶውን ለብዙ ዓመት ያቀረበው ብሉ ኮል የተባለ የድንጋይ ከሰል ነው። የግል መርማሪውን የሳም ስፔድን ድራማ ያቀረበው ዋይልድሩት የፀጉር ቅባት ነው። ድራግኔት የፋጢማ ሲጋራ ነበረው። የማስታወቂያ ድርጅቶችም ገንዘብ ከማምጣት አልፈው ፕሮግራሞቹን ራሳቸው ያዘጋጁ ነበር። ግን ከዚህ ተነስቶ ደራሲዎቹ ነፃነት አልነበራቸውም ማለት ዘለላ ነው። «ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር» በተላለፈ ጊዜ ሰስፔንስ ስፖንሰር አልነበረውም። ሮማ የወይን ጠጅ የመጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ከዘመኑ ሥራዎች ሁሉ የታወቀው ምንም ሳይሸጥ ነው አየር ላይ የዋለው።

ጸሐፊው የገንዘብን ጉዳት ማሳየት ከፈለጉ ደግሞ ከፀጉር ቅባት መዝሙር የከፋ ምሳሌ እጃቸው ላይ ነበር። ሳም ስፔድ ከ1946 ጀምሮ በሃዋርድ ደፍ ድምፅ ይቀርብ የነበረ፣ አገር የወደደው ድራማ ነው። ደፍ ስፔድን ሲሠራ ጉንጩ ላይ ፈገግታ እንዳለ በጆሮ ይታወቃል። ገጸ ባህሪውን የፈጠረው ደራሲ ዳሺል ሃሜት ነው። በ1950 ኮሚኒስትና የኮሚኒስት ወዳጅ ናቸው የተባሉ 151 የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎችን ስም የዘረዘረ «ሬድ ቻነልስ» የተባለ መጽሐፍ ወጣ። ደፍ ተጠቅሶበት ነበር። የሃሜት ስምም በፖለቲካው ምክንያት ከድራማው ላይ ተነሥቷል። በዚያው ዓመት ስፖንሰሩ ስፔድን ትቶ፣ ከራሱ የማስታወቂያ ዘፈን ላይ ስሙን የወሰደ ቻርሊ ዋይልድ የተባለ ሌላ መርማሪ አመጣ። አድማጩ ግን ዝም አላለም። የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። የሬዲዮ ኔትወርኩ ኤንቢሲ ስፔድን በሌላ ተዋናይ መለሰው፤ እስከ 1951 ብቻ ቆየ። በዚያው ዓመት ሃሜት ስም አልጠቁምም በማለቱ እስር ቤት ገባ። ስፖንሰር ድራማን እንዴት እንደሚገድል ማሳየት ለፈለገ ይኸውና። ግን ይህ ታሪክ የጸሐፊውን መደምደሚያ አያግዝም። የሚገደለው ሕይወት ያለው ነገር ነው።

ፖሊስን ስለማሞገስ የተባለው እንደ ድራማው ይለያያል። «ጋንግ በስተርስ» ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ፊሊፕስ ሎርድ በ1935 ሲጀምረው የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) አለቃ የነበረው ጄ. ኤድጋር ሁቨር ተባብሮት ነበር። ሳይረንና መትረየስ ነው። መጨረሻው ላይ የሚፈለጉ ወንጀለኞች መልክና ቁመት ይነበብ ነበር። እሱን ለሁለተኛ ጊዜ መስማት አልፈልግም። ነገር ግን የግል መርማሪዎቹ ድራማዎች ዓለም ሌላ ነው። ስፔድና ፊሊፕ ማርሎው ከፖሊስ ጋር እየተጋጩ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ፖሊሱ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ይይዛል፤ እነሱንም ይጠረጥራል።

ድራግኔትን በአንድ ቃል ማለፍ ግን አይቻልም። በኤንቢሲ የተጀመረው በሰኔ 1949 ነው። ጃክ ዌብ ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ ጋር ተባብሮ ነው የሠራው። መሥሪያ ቤቱም ሁልጊዜ ቅን ሆኖ ነው የሚታየው። ይህ ጉድለት ነው፤ ጸሐፊው ይህን ማለታቸው ትክክል ነው። ግን ድራማው ሌላ ያደረገው ነገር አለ። ከሱ በፊት የሬዲዮ ፖሊስ ይጮህ ነበር። ሳጅን ጆ ፍራይዴይ አይጮህም። ይደክመዋል። ይጠይቃል፤ ይጽፋል፤ በር ያንኳኳል፤ ብዙ ጊዜም ምንም አያገኝም። በመጀመሪያው ዓመት በገና ሰሞን የተላለፈው ክፍል ስለ አንድ ሕፃን ነው። ለጓደኛው ለገና የተገዛ ጠመንጃ ይገድለዋል። የሚታሰር ወንጀለኛ የለም። ተኩስ የለም፤ ማሳደድ የለም። ሐዘን የገባበት ቤት ብቻ ነው ያለው። ለቤተሰብ በሚተላለፍ ፕሮግራም ላይ፣ ለዚያውም በበዓል፣ ይህን ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል። የጠመንጃ ወዳጆች ተቆጥተውበታል። ይህ ሙገሳ ከሆነ እንግዳ ዓይነት ሙገሳ ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ቢያነሱት ግን ያለ ክርክር የምቀበለው አንድ ክስ አለ። ቻይናዊውን መርማሪ ቻርሊ ቻንን በሬዲዮ የሠሩት ኤድ ቤግሊን የመሳሰሉ ነጭ ተዋንያን ናቸው፤ እንግሊዝኛውን እየሰባበሩ። ጥቁር ተዋንያንም ብዙውን ጊዜ የሚሰጣቸው የአሽከርና የገረድ ሚና ነበር። ማንም በማይታይበት መድረክ ላይ ይህ መሆኑ የበለጠ ያሳፍራል። ይህን ማሳመር አይቻልም።

ግማሽ ሰዓት ለጥልቀት አይበቃም ለሚለው መልሴ አጭር ነው። አጭር ልቦለድ ለምን ይበቃናል? ደግሞም ሁሉም በግማሽ ሰዓት አያልቅም። «ዩርስ ትሩሊ፣ ጆኒ ዶላር» ከጥቅምት 1955 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይቀርብ ነበር። አንዱ ታሪክ አምስት ቀን ይፈጃል። ዶላር የኢንሹራንስ መርማሪ ነው። ታሪኩን የሚነግረን የወጪ ሂሳቡን እያስመዘገበ ነው፤ ታክሲ ይህን ያህል፣ ሆቴል ይህን ያህል። ይህች ዘዴ እንዴት እንደምትሠራ ሰምቶ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንዴ ሂሳቡ ውስጥ አንዲት ወጪ ትገባለች። ለምሳሌ ለማያውቀው ሰው አበባ መግዛቱን ያስመዘግባል። ምንም ሳያብራራ ያልፋታል። አድማጩ ግን ማን እንደሞተና እሱ ምን እንደተሰማው ይገባዋል። ከ1955 እስከ 1960 ሚናውን የሠራው ቦብ ቤይሊ የደከመና ለሰው የሚያዝን መርማሪ አድርጎታል። ለእኔ ከዘመኑ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

«ኤለሪ ኩዊን» ደግሞ መልሱ ከመነገሩ በፊት ድራማውን ያቆምና ስቱዲዮ የተቀመጡ እንግዶች ገዳዩን እንዲገምቱ ይጠይቅ ነበር። ፍንጮቹ ሁሉ በአግባቡ ካልተሰጡ ይህ አይሞከርም። አድማጩ ቤቱ ሆኖ አብሮ ያስብ ነበር። ዝም ብሎ የሚቀበል ታዳሚ ነበር የሚለው የጸሐፊው ሐሳብ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ስለ ሴቶች የተባለውን ሳነብ ነው በጣም ያዘንኩት። እየጮኸች የምትሞት ሴት ብዙ ድራማ ውስጥ አለች፤ አልክድም። ግን «ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር»ን የጻፈው ማነው? ሉሲል ፍሌቸር ናት፤ ቀድሞ ሲቢኤስ ውስጥ በሙዚቃ ክፍል ትሠራ የነበረች ሴት። ሼርሎክ ሆምስን ወደ አሜሪካ ሬዲዮ ያመጣው ማነው? ኢዲት ማይዘር ናት። በጥቅምት 1930 የመጀመሪያው ክፍል በኤንቢሲ ሲተላለፍ ሆምስን የሠራው ለዓመታት በመድረክ ሲጫወተው የኖረው ዊልያም ጂሌት ነበር፤ ጽሑፉ ግን የሷ ነው። ከዚያም ለዓመታት ጽፋለች። ባዚል ራትቦን በ1939 ሆምስ ሆኖ በሬዲዮ ሲመጣም የምትጽፈው እሷ ነበረች። ሁለቱንም ስሞች ጽሑፉ ውስጥ ፈለግሁ። የሉም። ሴቶቹን ያጠፋቸው ማነው ታዲያ?

ከማይክሮፎኑ ፊት ያሉትንም እንይ። የስፔድ የቢሮ ጸሐፊ ኤፊ ሆና የምትሠራው ሉሪን ተትል ከደፍ ጋር የምታደርገው ምልልስ ከወንጀሉ ይልቅ የሚጠበቅ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከ1949 እስከ 1951 የተላለፈው «ካንዲ ማትሰን» ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሴት የግል መርማሪ ድራማ ነው። ናታሊ ማስተርስ ካንዲን ስትሠራ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ የማትሸወድ ሴት አድርጋ ነው። መጨረሻው ላይ ፖሊሱ ጓደኛዋ ለጋብቻ ይጠይቃትና ሥራዋን ትተዋለች። ይህ ያናድደኛል። ግን እስከዚያች ክፍል ድረስ ጉዳዩን ሁሉ የፈታችው እሷ ናት።

የቀረው ሰለቸ የሚለው ነው። በ1950 ቴሌቪዥን ያለው የአሜሪካ ቤተሰብ ከመቶ 9 ያህሉ ነበር። በ1960 ከመቶ 87 ያህሉ ሆነ። ስፖንሰሩ ብዙ ዓይን ወዳለበት ሄደ። ኔትወርኮቹም ገንዘቡን ተከተሉ። አድማጭ ሰልችቶት ቢሆን ኖሮ ቴሌቪዥን ታሪኮቹን ባልወረሳቸው ነበር። ድራግኔት ከ1951 መጨረሻ ጀምሮ በቴሌቪዥን ሲሠራ ብዙዎቹ ክፍሎች በሬዲዮ ቀድመው የቀረቡ ጽሑፎች ነበሩ። ጆኒ ዶላር በ1960 መጨረሻ ከሆሊውድ ወደ ኒው ዮርክ ሲዛወር ቤይሊ አብሮ አልሄደም። ድራማው ግን በሌሎች ድምፅ ቀጠለ። በመጨረሻ መስከረም 30 ቀን 1962 ሲቢኤስ ሰስፔንስንና ጆኒ ዶላርን በአንድ ምሽት ዘጋቸው። ሰስፔንስ 20 ዓመት ኖሯል። ሃያ ዓመት የኖረን ነገር ሰለቸ ለማለት ትንሽ ማመንታት ይገባ ነበር።

ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚቀጥሉ ገልጸዋል። ከመጻፋቸው በፊት አንድ ነገር ልለምናቸው። የድራግኔትን የገና ክፍል፣ «ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር»ንና የጆኒ ዶላርን የመጀመሪያ ባለ አምስት ክፍል ታሪክ፣ «ዘ ማኮርማክ ማተር»ን፣ ይስሟቸው። ሦስቱም በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። በተቻለ መጠን ሌላ ሥራ ሳይሠሩ ይስሟቸው። ከዚያ በኋላም ጎዶሎ ናቸው ካሉ የቱ ቦታ ላይ ምን እንደጎደለ ይጻፉልን፤ እኔም ያንኑ ቦታ እንደገና ሰምቼ እመልስላቸዋለሁ።